የመጀመሪያዋ ሲጃራ ከማን እጅ ትመጣለች?
ስለ ትምባሆና ስለ ወጣቱ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

ስለ ሲጃራ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ሁለት ዐይነት ንግግር ነው። አንደኛው የሐኪም ነው፤ ሳንባ፣ ልብ፣ ካንሰር ይላል። ሁለተኛው የአባት ነው፤ «ይሄ ልጅ ተበላሸ!» ይላል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ዳሩ ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ። ለመሆኑ የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ የሚያስለውን፣ አፉን የሚያመረውን፣ ራሱን የሚያዞረውን ጢስ ገና በመጀመሪያው ቀን ለምን ተቀበለ? ጣዕሙ ደስ ብሎት እንዳልሆነ ያጨሰ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የመጀመሪያዋን ሲጃራ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ከሱቅ አይገዛትም፤ ሰው ነው የሚሰጠው። ሰጪውም ጠላቱ አይደለም። ጓደኛው ነው፣ የሰፈሩ ታላቅ ነው፣ አንዳንዴም የገዛ ወንድሙ ነው። ከዚያች እጅ ጀርባ ግን ረጅም ታሪክ ቆሟል፤ ንጉሥ አለበት፣ ግምጃ ቤት አለበት፣ ፋብሪካና ሲኒማ ቤት አለበት። ይህን ታሪክ ሳናይ ልጁን ብቻ ብንገሥጽ፣ ጥላውን እየደበደብን ሰውዬውን እንደ መተው ይሆናል። እስቲ ከሥሩ እንነሣ።

የንጉሡ ቢላዋ

ትምባሆ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። የኮሎምበስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1492 ኩባ ሲደርሱ የአገሩ ተወላጆች ቅጠል ጠቅልለው ሲያጨሱ አዩ። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ በመርከበኛና በነጋዴ እጅ ዓለምን ለመዞር ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ነገሥታቱ ደነገጡ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ ጽሑፍ ራሱ ጽፎ አሳተመ፤ ቀረጡንም ሰማይ አደረሰው። የኦቶማኑ ሱልጣን አራተኛው ሙራድ በ1633 አጫሹን በሞት እቀጣለሁ ብሎ ዐወጀ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ሚካኤል በ1634 ከለከለ፤ ቅጣቱም አፍንጫ እስከ መቁረጥ የሚደርስ ነበር።

እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን ከጥንት ጀምሮ አጥብቃ ስትነቅፍ ኖራለች። በምእመናኑ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አፈ ታሪክም አለ፤ ትምባሆ የበቀለው በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ ነው ይላል። አርዮስ የሞተው በአራተኛው ምዕተ ዓመት ነው፤ ትምባሆ ከአሜሪካ ተሻግሮ ወደ እኛ ክፍለ ዓለም የመጣው ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንግዲህ ተረቱ ስለ ተክሉ ብዙም አያስተምረንም። ስለ ሰዎቹ ግን ብዙ ይነግረናል፤ የሚያጨስ ሰው ከማኅበሩ እንደ ወጣ፣ እንደ ባዕድ ይታይ ነበር ማለት ነው።

አፄ ዮሐንስ አራተኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ይህን ስሜት ወደ ሕግ ለወጡት። ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ የሚለው ትእዛዛቸው በአገሬው አፍም በውጭ ተጓዦች ጽሑፍም የታወቀ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በብዙ የአገራችን ክፍሎች ጋያ ለረጅም ዘመን ሲጨስ ኖሯል። ጋያ ግን ልብ ልንለው የሚገባ ጠባይ አለው። ቁጭ ተብሎ የሚጨስ፣ ቦታ የሚይዝ፣ ከሰው ዐይን የማይሰወር ዕቃ ነው። ልጅ በደብተሩ መካከል ደብቆ ትምህርት ቤት አይወስደውም።

ታዲያ ቢላዋው ትምባሆን አጠፋው? አላጠፋውም። በእንግሊዝም፣ በኢስታንቡልም፣ በሞስኮም፣ በእኛም አገር አላጠፋውም። ንጉሥ ከንፈርን መቁረጥ ይችላል፤ አንድ ሰው ከሌላው ጋር አብሮ ለመሆን ያለውን ፍላጎት ግን መቁረጥ አይችልም።

ግምጃ ቤቱ

ነገሥታቱ ትምባሆን ማጥፋት ሲያቅታቸው ሌላ መላ አገኙ። ታላቁ ጴጥሮስ በ1697 የሩሲያን ክልከላ አነሣ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ትምባሆ የማስገባቱን መብት ለእንግሊዝ ነጋዴዎች ሸጠ። አባቶቹ አፍንጫ ያስቆረጡበት ነገር ለእርሱ ገቢ ሆነለት። በእንግሊዝም ከውግዘቱ ይልቅ ዕድሜ ያገኘው ቀረጡ ነው።

በአገራችን ይህ ለውጥ መልክ የያዘው ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሥራ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ገባ። «ሞኖፖል» የሚለው ቃል ዛሬም በሕዝቡ አፍ የትምባሆ ፋብሪካው ስም ሆኖ ቀርቷል። በደርግ ዘመን ስሙ ብሔራዊ ትምባሆና ክብሪት ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በኋላም ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ተባለ። በሸዋ ሮቢትና በብላቴ እርሻዎች ነበሩት። ሲጃራዎቹም የአገር ስም ወጣላቸው፤ ኒያላ፣ ግስላ። ኒያላ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ነው። እንግዲህ እናስተውል። በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ፣ ባዕድ የተባለ ቅጠል ከጊዜ በኋላ የአገር ኩራት የሆነ እንስሳ ምስል ለብሶ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ሕፃኑ ፊደል ሳይለይ ፓኮው ላይ ያለውን አጋዘን ይለያል።

የዚህ ታሪክ የቅርብ ምዕራፍ ደግሞ የሚከተለው ነው። በ2008 ዓ.ም. የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ከድርጅቱ አክሲዮን 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. 31 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። በድምሩ 944 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሽያጭ በተፈጸመበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ኢትዮጵያውያን መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከመቶ ሰው 95ቱ በማይነካው ዕቃ ላይ አንድ ነጋዴ አንድ ቢሊዮን ሊደርስ ጥቂት የቀረው ዶላር የሚያፈሰው ለምንድን ነው? በእኛ አስተያየት የተገዛው ዛሬ የሚያጨሰው ሰው ብቻ አይደለም። ገና ያልጀመረው ልጅም በሒሳቡ ውስጥ አለበት።

ማሽኑና ሥዕሉ

ልጁ በሒሳብ ውስጥ ገብቷል ስንል በጥላቻ የተናገርነው አይደለም። ከኩባንያዎቹ የራሳቸው ታሪክ የምናገኘው ነው። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ድረስ ሲጃራ በእጅ ይጠቀለል ነበር፤ ጎበዝ ሠራተኛ በቀን 3 ሺህ ያህል ቢጠቀልል ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ጄምስ ቦንሳክ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በቀን ከ100 ሺህ በላይ የሚጠቀልል ማሽን አወጣ። የትምባሆ ከበርቴው ጄምስ ዱክ ማሽኑን ተከራይቶ ገበያውን አጥለቀለቀው። ከዚህ በኋላ ችግሩ ሲጃራ ማምረት አልነበረም፤ አጫሽ ማምረት ሆነ።

አጫሽ እንዴት ይመረታል? በሥዕል ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1929 በፋሲካ ቀን በኒውዮርክ ዋና ጎዳና ላይ ወጣት ሴቶች ሲጃራ እያጨሱ በሰልፍ ሲያልፉ ታዩ። በዚያን ጊዜ ሴት በአደባባይ ማጨሷ ነውር ነበረና ወሬው በየጋዜጣው ወጣ፤ ሲጃራውም የነፃነት ችቦ ተባለ። ነገሩ ግን ከልባቸው የፈለቀ ሰልፍ አልነበረም። ኤድዋርድ በርኔይስ የተባለው የማስታወቂያ ሊቅ ለትምባሆ ኩባንያ ተቀጥሮ ያቀናበረው ነበር። የሴቶች የእኩልነት ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ነጋዴው እውነተኛውን ጥያቄ ይዞ የሐሰት መልስ ሸጠበት።

ማርልቦሮ የሚባለውንም እንመልከት። በ1920ዎቹ ሲወጣ ለሴቶች የታሰበ፣ ለስላሳ የሚባል ሲጃራ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ያው ስም ካውቦይ ላይ ተለጠፈና የወንድ ወንድ ሲጃራ ሆነ። በስሙ ላይ አዲስ ትርጉም ለማልበስ አንድ ፈረስና አንድ ባርኔጣ በቂ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የሱፐርማን ሁለተኛ ፊልም ውስጥ ይኸው ምልክት በተደጋጋሚ እንዲታይ ኩባንያው 42 ሺህ ዶላር ያህል ከፍሏል። ሱፐርማንን ለማየት ሲኒማ ቤት የሚሰለፈው ማን እንደሆነ አንባቢ አያጣውም።

ከሁሉ የሚብሰው የግመሉ ነገር ነው። ካሜል የተባለው ሲጃራ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ መነጽር ያጠለቀ፣ ዘናጭ የካርቱን ግመል በአሜሪካ ማስታወቂያው ላይ አወጣ። በ1991 የወጣ ጥናት የ6 ዓመት ሕፃናት ይህን ግመል ሚኪ ማውስን በሚያውቁት መጠን እንደሚያውቁት አሳየ። ግመሉ የተነሣው በ1997 ነው። በ1990ዎቹ በተካሄዱት ክሶች ምክንያት የኩባንያዎቹ የውስጥ ጽሑፎች አደባባይ ወጡ፤ በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ዐሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለው ልጅ የነገ ቋሚ ደንበኛ፣ የሚሞተው አጫሽ ምትክ ተደርጎ ተቈጥሯል። በ1998 አራቱ ታላላቅ ኩባንያዎች ከ46 የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ጋር ታርቀው በ25 ዓመት ውስጥ 206 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

ምትክ ያስፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሹም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ዕለት ዕለት ከሚያጨሱት ዐዋቂዎች ከ10ሩ 9 ያህሉ የመጀመሪያዋን ሲጃራ የሞከሩት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ሰው 25 ዓመት እስኪሞላው ሳያጨስ ከቆየ ከዚያ በኋላ የመጀመሩ ነገር እጅግ የመነመነ ነው። ኩባንያው ልጁን ካጣ ሰውየውን ያጣል።

አራዳና ፋራ

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከሲጃራ ጋር የምንጠቀምባቸው ቃላት ራሳቸው የታሪክ መዝገብ ናቸው። ፓኮና ስቴካ የምንላቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ክብሪት ከዐረብኛ ነው። ሲጃራ እንደ ስሞቹ ሁሉ ከወታደር፣ ከነጋዴ፣ ከከተማ ጋር የመጣ ነገር ነው። ከከተማ ጋር የመጣ ነገር ደግሞ የከተሜነት ምልክት መሆኑ አይቀርም።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ምልክት ስም አለው፤ አራዳ። አራዳ መጀመሪያ የሰፈር ስም ነው፤ ጊዮርጊስን ይዞ የገበያው፣ የቡና ቤቱ፣ በኋላም የሲኒማው ሰፈር ነው። ቀስ እያለ ነቃ ያለ፣ የከተማ ኑሮ የገባው ሰው መጠሪያ ሆነ። ተቃራኒውም ተፈጠረለት፤ ፋራ። በሲኒማ ኢትዮጵያ፣ በኢምፓየር፣ በአምባሳደር ካውቦዩን ያየ ልጅ ከፊልሙ በኋላ ካውቦዩ የሚጋልበውን ፈረስ ከየት ያመጣል? ሽጉጡንስ? ባርኔጣውንስ? በሳንቲም ሊገኝ የሚችለው በከንፈሩ ጠርዝ ያንጠለጠላት ሲጃራ ብቻ ናት። በሩቅ አገር የተከፈለበት ሥዕል ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ በእኛ መንደር ሥራውን ሠራ።

ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሲጃራ ስትሰጥ የሚነገረውን ቃል እናስታውስ። «እንካ ሞክር፣ ጤናህን ይጐዳልሃል» የሚል የለም፤ «ጣፋጭ ነች» የሚልም የለም። የሚባለው «ፋራ አትሁን!» ነው። ልጁ በዚያች ደቂቃ የሚመርጠው በጢስና በንጹሕ አየር መካከል አይደለም። ከጓደኞቹ ጋር በመሆንና ብቻውን በመቅረት መካከል ነው የሚመርጠው። 15 ዓመት ለሆነው ሰው ደግሞ ከብቸኝነት የሚከፋ በሽታ የለም፤ ሐኪሙ የሚነግረው ካንሰር 40 ዓመት የራቀ ነው፣ ሣቁ ግን አሁን ነው።

የነውር ኃይልና ወሰኑ

እዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ጥቂት አጫሽ ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። ከላይ የጠቀስነው ጥናት እንዳሳየው በ2016 እ.ኤ.አ. ትምባሆ የሚያጨሱት ከወንዶች 6.2 በመቶ፣ ከሴቶች 1.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያደረገው የዮሐንስ ቢላዋ ነው እንዳንል ቢላዋው ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ድህነትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን እንደኛው ድኻ ሆነው ብዙ የሚያጨሱ አገሮች አሉ። በእኛ እምነት ትልቁን ሥራ የሠራው ነውር ነው። የእምነት አባት ይነቅፋል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ጎረቤት «የእገሌ ልጅ» ይላል። ልጅ ሲጃራ ይዞ ታላቅ ሰው ከመጣ በመዳፉ ይደብቃል፤ ዐዋቂ ሰው እንኳ አባቱ ፊት አያጨስም።

ይሁን እንጂ ነውር ወሰን አለው። አንደኛ፣ ነውር ይደብቃል እንጂ ሁልጊዜ አይከለክልም። ከሽንት ቤት ጀርባ የሚጨስ ሲጃራ፣ ከዚያ በኋላ ሽታውን ለማጥፋት የሚታኘከው ማስቲካ የጋራ ምስጢር ይሆናል፤ ምስጢር ደግሞ ጓደኛሞችን ከምንም በላይ ያስተሳስራል። ሴት ልጅ ስትሆን ድብቁ እጥፍ ነው፤ ብትታመምና ለመተው ብትፈልግ እንኳ ለማን ትናገራለች? ሁለተኛና ዋናው፣ ነውር የሚሠራው የሚያውቅህ ዐይን ባለበት ነው። ጎረቤት በሌለበት ነውር የለም።

ጎረቤት የሌለበት ቦታ ደግሞ የት ነው? ግቢ ነው። እዚሁ የምንኖርበት ግቢ! ከየክልሉ፣ ከየወረዳው የመጣ የ18 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን እናትን፣ ንስሐ አባትን፣ ሼኩን፣ የሰፈር ሽማግሌን ትቶ የማያውቃቸው ልጆች ዶርም ውስጥ ያድራል። የሚያየው ዐይን ሁሉ የእኛ ዐይን ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተደረጉ ጥናቶችም ደጋግመው ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ማጨስ ከሁሉ ጋር ጥብቅ ዝምድና ያለው ከሚያጨስ የቅርብ ጓደኛና ከጫት ጋር ነው። አካሄዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፈተና ይደርሳል፤ ለጥናት ተብሎ ጫት ይያዛል፤ ጫቱ ሲጃራ ይጠራል፤ አንዲቷ ፍሬ ለአራት ትዞራለች። ፈተናው ያልፋል፤ ሲጃራው ግን አብሮ አያልፍም። ኒኮቲን በሳንባ በኩል በሰኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ገና እየበሰለ ያለ አንጎል ደግሞ ቶሎ ይለምደዋል።

ሕጉና ሱቅ በደረቴው

አገራችን የዓለም የጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ጠንካራ ነው። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ ከልክሏል። ማስታወቂያን ከልክሏል፤ በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ፓኮው ላይ 70 በመቶ የሚሆነውን ቦታ የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲይዝ አዟል፤ ፍሬ በፍሬ መሸጥንም ከልክሏል። ከንፈር ከመቁረጥ ይህ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሕጉ ልጁን ትቶ ሻጩንና ሥዕሉን ይዟልና።

ሆኖም ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ብቅ እንበል። ሱቅ በደረቴው ማስቲካውን፣ ሶፍቱንና ሲጃራውን ደርድሮ ይቆማል። ፓኮ መግዛት ለማይችል ተማሪ አንዲት ፍሬ ያወጣለታል፤ ክብሪቱንም ራሱ ይለኩስለታል። ዕድሜውን የሚጠይቅ የለም። ለነገሩ የሻጩስ ዕድሜ ስንት ነው? ብዙውን ጊዜ ከገዢው አይበልጥም። ከገጠር የመጣ፣ ከትምህርት የቀረ ልጅ ነው፤ ከአንዲቷ ፍሬ የሚያተርፈው ሳንቲም የማታ እራቱ ናት። በእርሱ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ለቢሊዮኑ ባለቤት ውለታ መዋል ነው። ሕጉ እንዲሠራ ከተፈለገ መቈጣጠር ያለበት ከላይ ከጅምላው ነው፤ ለዚህ ልጅም ሌላ የሚሸጠው ነገር ሊኖረው ይገባል።

እኛስ?

ታሪኩን እዚህ ላይ ስናደርሰው ከንጉሥ፣ ከግምጃ ቤትና ከፋብሪካ ቀጥሎ በሰልፉ የምንቆመው እኛ ነን። በመንደራችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሁሉ ምሳሌ ነው። ክረምት ወደ ቤታችን ስንመለስ የሰፈር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጫማችንን ያያሉ፤ አነጋገራችንን ይቀዳሉ፤ በእጃችን የያዝነውንም ያያሉ። ግመሉ በአሜሪካ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበት የሠራውን ሥራ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ በነፃ ሊሠራው ይችላል። ኩባንያው ማስታወቂያ ቢከለከል አይሥጋ፤ እኛ አለንለት!

ከመካከላችን የሚያጨሱ አሉ፤ በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አልተነሣንም። መተው ከባድ መሆኑን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ሊተዉ የሚታገሉትን ማገዝ ይገባናል እንጂ መሣቅ አይገባንም። ነገር ግን የሚያጨስም የማያጨስም ሊስማማባቸው የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ላልጀመረ ሰው ሲጃራ አንስጥ፤ «አንዴ ብቻ» ብለንም ቢሆን። ሁለተኛ፣ ሕፃን ልጅ ጠርተን «ሂድና አንድ ኒያላ ግዛልኝ» ብለን አንላክ፤ የተላከው ልጅ መንገዱን ይለምደዋልና። ሦስተኛ፣ «አይ፣ አላጨስም» ያለውን አዲስ ተማሪ ፋራ አንበለው። ይህች ሦስተኛዋ ምንም ወጪ የላትም፤ አዋጅም ፖሊስም አያስፈልጋትም፤ ምናልባት ከሁሉ የምትበልጠውም እርሷ ናት።

በዓለም ላይ ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ከአንድ ወዳጅ እጅ አንዲት ፍሬ የተቀበሉ ናቸው። በአገራችን ከመቶ 95ቱ እስካሁን ከዚህ ርቀው ኖረዋል። ያንን የጠበቁልን እናቶቻችን፣ አባቶቻችንና ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ግቢው አጥር ውስጥ ግን እነርሱ የሉም። አሁን ጎረቤቱ እኛው ነን፤ አዲስ ገቢዎቹም በየመስከረሙ ይመጣሉ።